አንገትም አፍ አለው

ሰኞ፣ ጁን 9

ሊንዳል ገባሁ። ከአውቶቡስ ስወርድ ሙቀቱ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊቴ ላይ ተለጠፈ። ከተማው በሙሉ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። እዚሁ ሚሲሲፒ ተወልጄ አድጌ፣ ጃክሰን ሦስት ዓመት ኮሌጅ ብቀመጥ አፍንጫዬ ኩራት ተምሮ ጠበቀኝ።

ክፍሌ ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ ጀርባ ናት። አልጋ፣ ወንበር፣ ሲዞር የሚያቃስት ማራገቢያ። ይሁን። የክፍል ጓደኞቼ በጋውን ባንክ ውስጥ በነፃ ወረቀት ሲያባዙ ይከርማሉ። እኔ ግን የሠራተኛ ማኅበር እየከፈለኝ በየሰዉ ቤት እየዞርኩ አወራለሁ። እማዬ ስትሰማ "ለዚያ ምላስሽ ደመወዝ የሚከፍል ተገኘ? እግዜር ይመስገን" ነው ያለችው። እውነቷን ነው። ወሬ እወዳለሁ... ምን ላድርግ።

አሠሪዬ ሮዜል ይባላል። አርባ አምስት ቢሆነው ነው። ድሮ እሱ ራሱ ፋብሪካ ውስጥ አምባዛ ዓሣ ይበልት ነበር፤ ሁለት ጣቶቹ ከዚያ ወዲህ አይታጠፉም። "አንቱ" ብዬ ጀመርኩ። "አንቱ ስትይኝ የሬሳ ሳጥኔን የምትለኪ ይመስለኛል፣ ተይው" አለኝ። እኔን "ኮሌጅ" ብሎ ጠራኝ። ዛኔታ የሚባል ስም እንዳለኝ ዛሬ የጠየቀ የለም።

ሐሙስ፣ ጁን 12

ሥራው እንዲህ ነው። የአምባዛ ፋብሪካው ሴቶች ማኅበር ይፈልጋሉ። ይግባ አይግባ የሚወሰነው በድምፅ ነው። እስከዚያ እኛ ሁለት ሁለት ሆነን ቤታቸው እየሄድን ፊርማ እንሰበስባለን። ፋብሪካው ግቢ ዝር ማለት አይቻልም።

ሮዜል መኪና ውስጥ አስተማረኝ። መኪና የሰዉ ደጃፍ ላይ አይቆምም፣ ጎረቤቱ ካቦ ሊሆን ይችላል። ውሃ ሲሰጡሽ ጠጪ። ብዙ አታውሪ። ይሄኛው ለኔ መርዝ ነው።

"ዋናው ደግሞ፣ ማን ከኛ ጋር እንዳለ አይነገርም። ለባል አይነገርም፣ ለፓስተር አይነገርም። 'እገሊት ፈርማለች ወይ' ብለው ይጠይቁሻል። ሁሉም ነው የሚጠይቁት። አፍሽን ትዘጊያለሽ።"

"ገባኝ።"

"አልገባሽም። ዓይንሽንም ትዘጊያለሽ። አንገትሽንም ትይዣለሽ። አንገትም አፍ አለው፣ ኮሌጅ።"

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ማክሰኞ፣ ጁን 17

ዛሬ እትዬ ዴሎይስ ቤት ሄድን። ስማቸውን ያልጠራልኝ ሰው የለም። ፋብሪካው ውስጥ ዓሣ በሚበለትበት የቢላ መስመር ላይ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ቆመዋል። እሳቸው ካሉ መስመሩ አለ፣ እሳቸው ከቀሩ መስመሩ ቀረ ይላሉ።

በረንዳቸው ላይ አደንጓሬ እየፈለፈሉ ነበር። ሰላም እንኳን ሳይሉን ለሮዜልም ለኔም ጎድጓዳ ሳህን ሰጡን። ፈለፈልን። ከልጣጩ ጣቴ ሐምራዊ ሆነ።

"ይቺ የማን ልጅ ናት?"

"የጃክሰን ኮሌጅ ተማሪ ናት፣ እትዬ ዴሎይስ። በጋውን ከኛ ጋር ትሠራለች።"

"ኮሌጅ አደንጓሬ አያስፈለፍልም መሰለኝ። ግማሹን መሬት አፈሰሰችው እኮ።"

ባላቸው ጋሽ ኦቴስ ሳሎን ውስጥ ተኝተው ነበር። ካንሰር ነው። በየማክሰኞው ግሪንቪል ወስደው መድኃኒት በደም ሥራቸው ያሰጧቸዋል። ዛሬ መኪናቸው ተበላሽቶ ለነገ አዛወሩት። የሚከፍለው የፋብሪካው የጤና መድን ነው። ሥራው ከሌለ መድኑ የለም። መድኑ ከሌለ... አልጨረሱትም።

ለምን እንደሚፈርሙ ስጠይቃቸው ብዙ አልተናገሩም። "ሽንት ቤት ለመሄድ እጄን አውጥቼ ካቦውን እጠብቃለሁ። ስድሳ ሊሞላኝ ነው፣ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ።"

ፈረሙ። ከዚያ እስክሪብቶውን ለሮዜል ሲመልሱ እኔን አዩኝ።

"ስሜ ከዚህ በረንዳ አይውረድ። እኔ ራሴ ቀኑ ደረሰ እስክል።"

"እሺ፣ እትዬ።"

አደንጓሬ አስይዘው ሸኙን።

ዓርብ፣ ጁን 27

ቀን ተቆረጠ። ድምፅ የሚሰጠው ጁላይ 31፣ ሐሙስ። ፋብሪካው ጠበቃ ከሜምፊስ አስመጥቷል አሉ። ሴቶቹን ምሳ ክፍል ሰብስቦ ፊልም ያሳያቸዋል፤ ማኅበር ገብቶ የተዘጋ ፋብሪካ፣ በሩ ላይ አረም የበቀለበት። አንዷ "ተዋናዩ ቆንጆ ነው" አለችን። ይሄን ለሮዜል ስደግምለት የመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት።

ፊርማው ግን ቀስ ብሏል። በር አይከፈትልንም። መጋረጃ ሲንቀሳቀስ እናያለን... እንመለሳለን።

ዓርብ፣ ጁላይ 4

በዓሉን የአክስቴ ልጅ ታሜካ ጋ ዋልኩ። ማሸጊያ ክፍል ነው የምትሠራው። ጎድን ጥብስ፣ ሐብሐብ፣ ርችት። ሳቋ ሦስት ቤት ያልፋል። እንደ እኔው ናት፤ ቤተሰቡ ሁሉ አፍ ነው።

ስለ ፊርማው አነሳሁባት። እጇን ጨርቅ ላይ ጠረገች።

"እትዬ ዴሎይስ አሉበት?"

ዝም አልኩ።

"ሌላ ሰው አላምንም፣ ዛን። ወንዶቹ ካቦ ፊት ይርበተበታሉ። እሳቸው ካሉ እኔም አለሁ፣ የማሸጊያ ሴቶችንም አመጣልሻለሁ። አሉበት?"

ሐብሐቤን ገመጥኩ።

"የሉበትም ማለት ነው። በቃ፣ ጥብስሽን ብዪ።"

አንገቴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። አንዴ። ትንሽ።

የበረዶ ሳጥኑ ክዳን ላይ አስደግፋ ፈረመች። ስም አልጠራሁም። አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣችም። አንገት ብቻ... ደግሞ ታሜካ እኮ ናት።

ረቡዕ፣ ጁላይ 9

ፊርማ ጎረፈ። ማሸጊያ ክፍሉ በሙሉ ማለት ይቻላል። ሮዜል "ምን አቀመስሻቸው?" ይለኛል። ነዳጅ ማደያው ጋ ዶሮ ጥብስ ጋበዘኝ። ደስ ብሎኝ ሁለት በላሁ።

ሐሙስ፣ ጁላይ 10

የዛሬውን እንዴት ልጽፈው...

ከሰዓት አንዲት ልጅ ቤት ሄድን፤ አዲስ ናት፣ ዓሣ ታጥባለች። ገና ሳንቀመጥ "አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፣ እትዬ ዴሎይስም አሉበት። ታሜካ ምሳ ክፍል ወንበር ላይ ቆማ ነግራናለች" አለች። እየሳቀች። በደስታ።

ሮዜል ውሃውን ጠጣ። አመሰገነ። ወጣን።

የዓሣ ኩሬዎቹ ጋ ሲደርስ ዳር ያዘና ሞተሩን አጠፋው።

"ታሜካ ያንቺ ዘመድ ናት።"

"የአክስቴ ልጅ።"

"ነገርሻት?"

"አልነገርኳትም... ነቀነቅኩ።"

ወርዶ ኩሬው ዳር ቆመ። ቢሰድበኝ ደስ ባለኝ። የማይታጠፉትን ጣቶች በሌላው እጁ ይዞ ውሃውን ሲያይ ቆየና ተመለሰ።

"ምሳ ክፍሉ ውስጥ ካቦ ይበላል፣ ኮሌጅ። እዚያው ጠረጴዛ ላይ።"

"ሄደን እንንገራቸው። ይቅርታ ልበላቸው።"

"ዛሬ እኛ በራቸው ላይ ከታየን የቀረውን ጥርጣሬ እናጠፋላቸዋለን። አንሄድም።"

ይቅርታ እንኳን የማይጠየቅበት ጥፋት አለ ለካ።

ሰኞ፣ ጁላይ 14

ሚስተር ሃልበርት፣ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፣ እትዬ ዴሎይስን ቢሮ አስጠሯቸው። ታሜካ ናት የደወለችው። ታለቅሳለች። "ያባርሯቸዋል፣ ዛን። እኔ እኮ ሰው እንዲበረታ ብዬ ነው።"

እኔም እኮ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 15

አላባረሯቸውም። የባሰ ነው ያደረጉት።

ካቦ አደረጓቸው። የመስመሩ ሠራተኛ ነጭ ቆብ ነው የሚያደርገው፤ ካቦ ቀይ። ዛሬ ጠዋት በቀይ ቆብ ገቡ። ቢላ የለም፣ ዝም ብሎ ከኋላ መሄድ። ሽንት ቤት የሚሄድ ለእሳቸው እጁን ያወጣል።

ካቦ ማኅበር አይገባም፣ ድምፅም አይሰጥም። ስማቸው ከመራጮች ወጣ። መስመሩ ደግሞ ያየው ያንን አይደለም። ያየው ቆቡን ነው።

ሮዜል "ማባረር ሰማዕት ያደርጋል። ሃልበርት ሞኝ አይደለም" አለ። እራት አልበላም። እኔም።

እሁድ፣ ጁላይ 20

ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ስብሰባ ጠራን። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። የመጡትም የመጡት ፊርማቸውን ሊያስመልሱ ነው።

"ቀይ ወፏን አያችኋት?" አለች አንዷ። የእትዬ ዴሎይስ አዲሱ ስም ነው። እዚህ አገር በየአጥሩ ላይ የሚቀመጠው ያ ቀይ ወፍ።

"ስንት ይሆን የጨመሩላት?"

"ቆቡ ሳይጠባት አልቀረም። አንገቷን እንዲህ አድርጋ ነው የምትሄደው።" ተነስታ አሳየች። ሳቁ።

"እኛን አስፈርማ እሷ ወጣች።"

አፌን ከፈትኩ። ሮዜል ክርኔን ያዘ። ምን ልል ነበር? በማን ምክንያት ቆቡ እንደተደረገላቸው? እሱን ብናገር ሃልበርት እስከ ማታ ይሰማዋል። ያን ጊዜ ቆቡም፣ ሥራውም፣ የጋሽ ኦቴስ መድኃኒትም...

አዳራሹን ጠርጌ ወጣሁ። ታሜካ አልመጣችም።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 22

ለሮዜል ሳልነግር ግሪንቪል ሄድኩ። ክሊኒኩ የፋብሪካ ሰው አይደርስበትም። ተቀምጬ ጠበቅኩ። እትዬ ዴሎይስ ከሥራ በቀጥታ መጡ፤ ቦቲ ጫማቸውን እንኳን አልቀየሩም። ጋሽ ኦቴስ ውስጥ ናቸው፣ ጎረቤት ነው ያመጣቸው።

አዩኝ። አጠገቤ ተቀመጡ።

"ያወራሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ፣ እትዬ። ስም አልጠራሁም... ነቀነቅኩ።"

"ለማን?"

"ለታሜካ።"

"ለታሜካ።" ጉልበታቸውን አሹ። "ከምትነግሪያት ራዲዮ ጣቢያ ብትሄጂ ይሻል ነበር። ራዲዮው ቢያንስ ሌሊት ይዘጋል።"

መሳቅ ይሁን ማልቀስ አላወቅኩም። እሳቸው አልሳቁም።

"ቆቡን አላደርግም ብል በሩን ያሳዩኛል። ኦቴስ መድኃኒቱን ጀምሯል። መሃል ላይ አይቋረጥም ብለውኛል ሐኪሙ። ስለዚህ አደረግኩት። ያ ብቻ ነው።"

"ሴቶቹ ስለ እርስዎ የሚሉትን..."

"እሰማለሁ። ጆሮዬ ደህና ነው።"

"እውነቱን ልንገራቸው። እኔ ነኝ ብዬ ልናገር።"

ያን ጊዜ እጄን ያዙኝ። እጃቸው በረዶ ነው። ስንት ዘመን በረዶ ውሃ ውስጥ የከረመ እጅ አይሞቅም።

"ይቅርታሽን ከፈለግሽ እዚያው ያዢው፣ ለኔ አይረዳኝም። የሚረዳኝን ልንገርሽ። ከእንግዲህ ስሜ ካፍሽ አይውጣ። ለክፉም ለደግም። ሲያሙኝ አትሟገቺልኝ። ሲሰድቡኝ ፊትሽ አይለወጥ። ትችያለሽ?"

"እችላለሁ።"

"አትችዪም። ግን ሞክሪ።"

እሁድ፣ ጁላይ 27

ዛሬም "ቀይ ወፏ" አሉ። ዝም አልኩ። ጥርሴን ነክሼ ስለነበር እስካሁን መንጋጋዬን ያመኛል።

ሐሙስ፣ ጁላይ 31

ድምፅ የሚሰጠው ምሳ ክፍሉ ውስጥ ነው። እኔና ሮዜል ከመንገዱ ማዶ፣ መኪና ውስጥ። ቆጠራው ሲጀምር ብቻ ነው የሚያስገቡን። ውስጥ በኛ በኩል ታዛቢ ሆና የተቀመጠችው ታሜካ ናት። ሌላ ፈቃደኛ አልተገኘም። ያየችውን እሷ እንደነገረችኝ እጽፈዋለሁ።

ሰልፉ ሊያልቅ ሲል እትዬ ዴሎይስ ገቡ። ቀይ ቆባቸውን እንዳደረጉ። መጨረሻ ላይ ተሰለፉ።

አንዷ "ምን ልትሆን ነው እዚህ?" አለች፣ ጮክ ብላ። አልዞሩም።

ከመንግሥት የመጣችው ሴትዮ ስማቸውን ፈለገች።

"እዚህ የሉም፣ እሜቴ።"

"አውቃለሁ።"

"ካቦ ነዎት ይላል።"

"እሱንም አውቃለሁ።"

"መስጠት ይችላሉ፣ ግን ወረቀትዎ ከሌሎቹ ጋር ኮሮጆ ውስጥ አይገባም። ፖስታ ውስጥ ታሽጎ ይቀመጣል። ውጤቱን የሚለውጥ ካልሆነ አይከፈትም።"

"ይታሸግ።"

መጋረጃው ውስጥ ገቡ። ወጡ። ፖስታውን ራሳቸው በምላሳቸው አርሰው ዘጉት። ታሜካ "ሃልበርት በር ላይ ቆሞ ነበር፣ ፊቱን ብታዪው። ሊያመሰግናቸው ይሁን ሊያባርራቸው አላወቀም" አለችኝ።

ለቆጠራው እኛንም አስገቡን። ረጅም አልነበረም። ሴትዮዋ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያነሳች "አዎ"፣ "አይ"፣ "አይ"... "አይ" ስትል ድምፅዋ አይለወጥም። ዘጠና ሰባት አዎ። መቶ አሥራ ስምንት አይ።

ተሸነፍን።

ፖስታዋ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ብቻዋን ነበረች። ሴትዮዋ አንስታ "ይህቺ አንዲት ድምፅ ውጤቱን አትለውጥም፣ አትከፈትም" ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት።

ሚስተር ሃልበርት እየሳቀ ወደ እትዬ ዴሎይስ ሄደ። በሰው ፊት።

"መቼም ለኛ ነው የሰጠሽው፣ አይደል ዴሎይስ?"

የእናቱ እኩያ ናቸው። "ዴሎይስ" ይላቸዋል።

"ሰጥቻለሁ፣ ሚስተር ሃልበርት" አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ከኋላዬ አንዷ "ኮሮጆው እንኳን ተጸይፏታል" አለች። ፊቴ አልተለወጠም። ሮዜል አየኝ።

ዓርብ፣ ኦገስት 1

ሮዜል መኪናው ውስጥ አለቀሰ። እኔ እንዳላየ ሰው መስኮት መስኮቱን አየሁ። አሥራ ሁለት ፋብሪካ ዞሬያለሁ፣ አራቱን አሸንፌያለሁ አለኝ። ከዚያ "ቁርስ በላሽ?" አለኝ።

ያንን አንገቴን ባልነቀንቅ እንሸነፍ ነበር? ብዬ ጠየቅኩት።

"አላውቅም" አለ። "አላውቅም ስልሽ ላጽናናሽ አይደለም። አላውቅም።"

ማክሰኞ፣ ኦገስት 5

ልሰናበታቸው ግሪንቪል ሄድኩ። ጋሽ ኦቴስ መድኃኒቱ እየገባላቸው ተኝተዋል። ከስተዋል። ሐኪሙ "እየሠራ ነው" ብሏል አሉኝ እትዬ ዴሎይስ፣ ግን ሲናገሩት እንደ ዝናብ ትንበያ ነው።

እትዬ ዴሎይስ ስለ ሥራ አወሩኝ። ሴቶቹ ሽንት ቤት ለመሄድ እጃቸውን ሊያወጡ ሲሉ ገና ሳያነሱት ሂዱ ይላሉ። አያመሰግኗቸውም። ምሳ ብቻቸውን ይበላሉ። ሚስተር ሃልበርት በየጠዋቱ በጨዋታ አስመስሎ ይጠይቃቸዋል፤ "ያቺ ፖስታ ምን ነበር ያለባት?" ይላል። የማኅበሩ ሆነው ከተገኙ በማግስቱ ቆቡ ይነሳል። ከቆቡ ጋር ሁሉም።

"አንቺስ አትጠይቂኝም?"

"አልጠይቅም።"

"እማታውቂው ነገር ቆርጥሞ አይገድልሽም?"

"ይገድለኛል፣ እትዬ። ግን አልጠይቅም።"

ጋሽ ኦቴስን አዩ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"እንግዲያው ስለማትጠይቂ ልንገርሽ። አንድ ሰው ይወቅልኝ።"

ነገሩኝ።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 9

ታሜካ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ሸኘችኝ። ዳቦና ዶሮ ቋጥራልኛለች። ሻንጣዬን ራሷ ተሸክማ። ከጁላይ ወዲህ ሳቋ አጥሯል፣ አንድ ቤትም አያልፍ።

ጥላው ሥር ተቀመጥን።

"ግሪንቪል ትሄጂ እንደነበር አውቃለሁ" አለችኝ።

የዳቦውን ቋጠሮ ጉልበቴ ላይ አስተካከልኩ።

"አትቆጪኝ፣ ዛን። ሌሊት አልተኛም። ያ ወንበር ላይ የቆምኩበት ቀን ይመጣብኛል። እሳቸው በዚያ ፖስታ ከኛ ጋር ከነበሩ፣ እኔ ሴቶቹን ሰብስቤ በራቸው ድረስ እወስዳቸዋለሁ። ይቅርታ እንላለን። ኬክ እንጋግራለን። ብቻቸውን ምሳ ሲበሉ ማየት አልቻልኩም። ከኛ ካልነበሩ ደግሞ... እሱንም ልወቀው። ብቻ አንድ ጊዜ።"

አውቶቡሱ ከሩቅ ታየ። የጥጥ ማሳው ላይ አቧራ አስነስቶ።

"አፍሽን አትክፈቺ። ማልሽ አይደል፣ አውቃለሁ። አንገትሽን ብቻ። እኔ ነኝ እኮ፣ ታሜካ።"

ዓይኗ ቀልቷል። ከልቧ ነው። ያኔም ከልቧ ነበር። ምናለ ይሄን ያህል አሳቢ ባትሆን... ሳታስበው በሚቀጥለው ሳምንት ምሳ ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ትወጣለች። በፍቅር።

ማዶ ማዶውን አየሁ። አንድ ቀይ ወፍ የማደያው አጥር ላይ አርፎ ነበር። እሱንም እንዳላየሁ ሆንኩ።

አውቶቡሱ ቆመ። በሩ ተከፈተ። ታሜካ እስከ መጨረሻው አንገቴን ታየኛለች።

"ክፉ ሆነሻል" አለች።

አቅፌያት ገባሁ።

ሮዜል ለሚቀጥለው በጋ ትመጫለሽ ወይ ብሎ መልእክት ልኮልኛል። "ዛኔታ" ብሎ ነው የጀመረው። ገና አልመለስኩለትም።

እስከ ጃክሰን ድረስ አንገቴን አመመኝ፤ ድንጋይ የተሸከምኩ ይመስል። ይህን ማስታወሻ ከእኔ ሌላ ማንም አያነበውም ብዬ ነበር የጀመርኩት። እትዬ ዴሎይስ ጆሮዬ ላይ ያሉኝን ግን...

እዚህም አልጽፈውም።